ባቡሩ ለመንገደኛም ይታሰብለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ለጭነት የታሰበውን ያህል ለመንገደኛም ሊታሰብለት ይገባል። የቀድሞው ባቡር መንገደኛውን መሀል ከተማ፣ ለገሃር ድረስ ያመጣው ነበር፤ የዛሬው ተሳፋሪ ግን ሻንጣውን ተሸክሞ አዲስ አበባ ዳር እስካለው ፉሪ ለቡ ጣቢያ ድረስ መሄድ አለበት፤ ድሬዳዋ ሲደርስም ጣቢያው ከከተማው ውጭ በመሆኑ ሌላ መኪና ይፈልጋል። ይህ በተለይ ለአረጋውያንና ሕፃን ለያዙ እናቶች ከባድ ነው። ስለዚህ መንግሥት አገልግሎቱን ለማሻሻል ሲያቅድ፣ ተጨማሪ ፉርጎ ከመግዛቱ አስቀድሞ፣ ከባቡሩ መነሻና መድረሻ ሰዓት ጋር የሚገጥም አውቶቡስ ለጣቢያዎቹ እንዲመድብ፣ በአዲስ አበባ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ መካከል ለሚመላለሰው ሠራተኛና ተማሪም ጠዋትና ማታ አጭር ጉዞ እንዲያዘጋጅ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የድሬዳዋ ተወላጅ