የ2017 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ዘገባ፦ ቀዩ ክርና ሰማያዊው ክር

ዕቅዳችን እንደ ወትሮው ችግኝ ነበር። ተከልን፤ ግማሹን ፍየል በላው። ስለ ችግኝ ይኸው ይበቃል።

ዓመቱን የወሰደብን ሌላ ነገር ነው። ጥቅምት ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ያኔ ማሽላችንን የጨረሰው አንበጣ ከየት ነው የመጣው?» አለችኝ። 2013ን ማለቷ ነው። ከወሎ ቆላ የመጡት የክበቡ ልጆች ያን ጊዜ ጅራፍ እያጮኹ፣ ቆርቆሮ እየደበደቡ ሲያባርሩ ከርመዋል። «በሶማሌ በኩል» ብዬ ላልፍ ስል «እዚያስ ከየት መጣ?» ብላ ያዘችኝ።

ካርታ ሰቀልንና መንገዱን በቀይ ክር ወደ ኋላ ተከተልነው። ክሩ ሳዑዲ፣ ኦማንና የመን የሚገናኙበት በረሃ ላይ ቆመ። ግንቦት 2010 ሜኩኑ የተባለ አውሎ ነፋስ ያን ደረቅ አሸዋ በዝናብ አራሰው፤ ጥቅምት 2011 ሉባን ደገመው። አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው። ከተመቸው በ3 ወር 20 እጥፍ ይሆናል። አንዱ ልጅ ሰሌዳ ላይ 20ን ሦስት ጊዜ አባዝቶ 8,000 ሲመጣለት ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። የዘጠኝ ወር ሒሳብ ነው። የመን ጦርነት ላይ ስለነበረች እንደ ልብ መርጨት አልተቻለም፤ መንጋው ባሕር ተሻገረ። በ2012 መጀመሪያ ደግሞ ምዕራባዊው የሕንድ ውቅያኖስ ከወትሮው ሞቆ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ከባድ ዝናብ ወረደ። እዚሁ ተራባ።

አንድን አውሎ ነፋስ ነጥሎ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ማለት እንደማይቻል ልጆቹን እስኪሰለቻቸው ነግሬአለሁ። የሕንድ ውቅያኖስ እየሞቀ መሆኑ ግን የተለካ ነገር ነው።

በወላጆች ቀን አንድ አዛውንት ካርታውን ሲያዩ ቆዩና «ጠዋት ፀሐይ ሳያገኘው ነበር፤ ክንፉ ከሞቀ ወዲያ ማን ይይዘዋል» አሉ። ልክ ናቸው። እኛ ረስተነው ነበር፤ በማግስቱ ጻፍነው።

ያቺው ልጅ ሰኔ ሳይገባ «እኛስ ለጎረቤት ምን እንልካለን?» አለች። ዋቢ ሸበሌን አሳየኋት። ግንቦት 2015 በደጋችን የዘነበው ዝናብ ወርዶ በለድወይንን አጥለቀለቀ፤ የሶማሊያ ከተማ ናት። ከ200,000 በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ለዚህ ሰማያዊ ክር ተመረጠ። ከባሌ ተነሥተን በለድወይን ስንደርስ ክሩ አለቀ። ወንዙ ግን እስከ ሞቃዲሾ አቅራቢያ ይወርዳል። ለመጪው ዓመት ሦስት ጥቅል ክር አስይዘናል።