ካሜራው ሳይደርስ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በኢንዶስኮፕ ስለሚደረገው የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ያወጣችሁትን አነበብኩ። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ግን እዚህ ጅማ ሰው የተረዳው «ስብራት በካሜራ ይጠገናል» ብሎ ነው። እንደዛ አይደለም።

ኢንዶስኮፕ ካሜራና መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ቀዳዳ ይገባል። በብዛት የሚያገለግለው ለዲስክ መንሸራተትና ለነርቭ መተላለፊያ መጥበብ ነው። ስብራት ላይ፣ ነርቭ የተጫነ የአጥንት ስባሪ ለማውጣት ሊያግዝ ይችላል። የተናጋውን አከርካሪ አጽንቶ የሚይዘው ግን ብሎንና ዘንግ ነው። እሱም ቢሆን ዛሬ በራጅ እየታየ በትንንሽ ቀዳዳ ይገባል። አከርካሪውን ያላናጋ ስብራት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በማስታገሻና በክትትል ይድናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ሰዓት ነው። ሰው ከዛፍ ሲወድቅ ወይም ባጃጅ ሲገለበጥበት ሁሉም ይረባረባል። አንዱ ብብቱን፣ ሌላው እግሩን ይዞ ሌላ ባጃጅ ውስጥ አጥፎ ያስገባዋል። (ደግነታችን አንዳንዴ ያስፈራል!) የተሰበረ አከርካሪ ሲታጠፍ በውስጡ የሚያልፈውን የነርቭ ገመድ፣ ህብለ ሰረሰርን፣ ሊጎዳ ይችላል። የተበጠሰ ህብለ ሰረሰርን ደግሞ የትኛውም ካሜራ አይቀጥለውም። አምቡላንስ እስኪመጣ ባይነካ ነው የሚሻለው። የግድ ከሆነም ብዙ ሆኖ፣ አንገቱንና ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ማጋደም ነው።

ቀጣዩ ጽሑፋችሁ ስለዚህ ቢሆንስ? በአፋን ኦሮሞም አውጡት። የባጃጅ ሾፌሮቹንም አነጋግሯቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከሄርማታ፣ ጅማ