ያን ማታ መብራት ሲጠፋ ስላልኩት

ይድረስ ለአባቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም አባ። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን የምታነብልዎት የእህቴ ልጅ መሆኗን አውቃለሁ። አንቺ፣ ቀስ እያልሽ አንቢላቸው፤ ያልጣመሽንም እንዳትዘይው።

ጳጉሜን ላይ የተኳረፍንበት ነገር ሆዴ ውስጥ ቀርቷል። በስልክ እርስዎ «ተይው»፣ እኔ «ይተውት» እያልን አለፍነው እንጂ ማናችንም አልተውነውም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ነበር፤ የሕዳሴ ግድብ የተመረቀ ዕለት። እርስዎ ነጭ ጀለቢያዎን ለብሰው ከጠዋት ጀምሮ ሬዲዮው ሥር ተቀምጠዋል። ከልብስ ስፌት ገንዘብዎ ቆጥበው የገዙትን የቦንድ ወረቀት ከሣጥን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘርግተውታል። እማዬ ቡና ታፈላለች። ማታ ዜናው ሊጀምር ሲል መብራቱ ድርግም አለ። «የባትሪ ድንጋይ አምጡ» አሉ። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍ፣ «5150 ሜጋ ዋት መርቀን በባትሪ ድንጋይ እንስማው እንጂ!» አልኩ። እህቴ ሳቀች። እርስዎ «አገሩን የሚያማ ሰው የእናቱን ገበና አደባባይ እንደሚያሰጣ ነው» ብለው ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እርስዎ የሚቆጥሩትን እኔም እቆጥራለሁ። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ስንቱ እንደዘለለ ሲያወሩልኝ ነው ያደግኩት። አየር መንገዳችን ከ1938 ጀምሮ እየበረረ ነው። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሌላ ነው። እማዬ ከእኔ በፊት ሁለት ልጅ ቀብራለች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ1000 ሕፃናት 200 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ወደ 50 ገደማ ወርዷል። የእኔ ሦስቱም ልጆች ፊቴ እየተንጫጩ ነው ይህን የምጽፍልዎ። ይህን የማላይ ዕውር አይደለሁም አባ።

ግን እርስዎ የሚለኩበት ሜትር የ77ቱ ረኀብ ነው። ከ77 ጋር ሲለካ ዛሬ ሁሉ ጥጋብ ነው፤ እውነትዎን ነው። ልጆቼ ግን 77ን አያውቁም፤ አላህ አያሳያቸው። ደግሞም ሽቦ ያልገባበት ቤት መብራት ጠፋ አይባልም። ከሕዝባችን ግማሽ ገደማው ገና መብራት አልገባለትም፤ «ጠፋ» ብሎ የሚጮኸው የገባለት ነው። ስሞታው የሚመጣው ከስኬቱ በኋላ ነው ማለቴ ነው። ትንሽ ያስቃል፣ ግን እንደዛ ነው።

ያ ከኩታበር የመጣው ሰውዬ ትዝ ይልዎታል? የአረፋ ዋዜማ ነበር። ኮቱን ለካ፣ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለ፣ ደስ ብሎት ሒሳቡን ከፈለ። እርስዎ «እስቲ አውልቀው» አሉት። በሩ ላይ ወደ ብርሃኑ ወስደው ገበሩን ገለበጡና የግራ ትከሻው ስፌት መሸብሸቡን አገኙ። «ጋሼ፣ ምንም አይታይም፤ ደግሞ መኪና ሊያመልጠኝ ነው» አለ። «እኔ አይቼዋለሁ» አሉና ተረተሩት። መኪናውም አመለጠው፣ እኛ ቤት አደረ። እኔ በፋኖስ መርፌ ስሰካልዎት፣ እርስዎ በሲንጀሯ እንደገና ሲሰፉት አመሸን። ሌላ ሰው የሰፋው ኮት ሲመጣ ግን «ማሻአላህ፣ እጁ ይባረክ» ብለው ያልፉ ነበር። ገልብጠው አይተውት አያውቁም።

ኮምቦልቻ ላይ ተዘርግቶ ስንት ዓመት ባቡር የናፈቀውን ሀዲድ ባየሁ ቁጥር ያ የተሸበሸበ ትከሻ ነው ትዝ የሚለኝ። የሌላ አገር ሀዲድ ቢሆን ምን አገባኝ?

ያላስተኛኝ ግን «ገበና» ያሉት ቃል ነው። ወሎ ላይ ይህ ቃል ስንት ሰው በላ? በ1965 ስፌት ሲለማመዱ ከወልድያ መስመር የሚመጡት ረኀብተኞች መንገድ ዳር ሲወድቁ እንዳዩ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። አለቃዎ «ዝም በል፣ ግድግዳም ጆሮ አለው» እንዳሉዎትም። የአገር ስም እንዳይጠፋ ተብሎ ተሸፈነ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ፎቶ አንስተው አዲስ አበባ ላይ አሳዩ፤ መንግሥት ጆሮ አልሰጠም። ዓለም የሰማው ጥቅምት 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፊልሙን ሲያሳይ ነው። ለራሳችን ሰው በቴሌቪዥን የታየው ደግሞ ንጉሡ ሊወርዱ ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ። በ77ም ያው ነው፤ መስከረም ላይ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲደገስ ኮረም ላይ ሰው እየረገፈ ነበር። ገበናችን ተሸፈነ፣ ሰዉ አለቀ። የ2014ቱን ጦርነት አላነሳብዎትም፤ እሱን እርስዎ ቤትዎ ተቀምጠው አይተውታል።

በእርግጥ ወቀሳ ሁሉ አንድ አይደለም። እዚህ አዲስ አበባ ማኪያቶ እያማሰለ «ይቺ አገር አትለወጥም» የሚል ሞልቷል። ያ ሙድ መያዝ ነው። መርፌም ክርም ሳይዝ የሚተረትር ሰው። እኔም አንዳንዴ ከነሱ አንዷ ነኝ፣ ልዋሽዎት አልችልም። ያን ማታም ግማሹ ሰው ለማሳቅ ነበር። ለእሱ አፉ ይበሉኝ።

አንድ ነገር ልንገርዎትና ይሳቁ። ባለፈው መሥሪያ ቤት የመጣ ፈረንጅ «እናንተ አገር መቼም ረኀብ ነው» ቢለኝ ደሜ ፈላ። አበበ ቢቂላን፣ አየር መንገዱን፣ ግድቡን፣ የቦንዱን ወረቀት ሳይቀር ደረደርኩለት። ድምፄ ሁሉ የእርስዎን ሆነብኝ። ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ከዚያ ለባልደረባዬ ዞር ብዬ ስለ መብራቱ ማማረሬን ቀጠልኩ።

ለአረፋ ኢንሻአላህ እመጣለሁ። አዲሱ መነጽርዎና አራት የባትሪ ድንጋይ በዚህ መልእክተኛ ተልኳል። የሰፈሩ ውሃ አሁን በስንት ቀን ነው የሚመጣው? ጀሪካኖቹ ይበቃሉ ወይስ በርሜል ገዝቼ ልምጣ? ይህም ሐሜት ነው ካሉ እማዬ ትንገረኝ።

ልጅዎ