ጭሱ ካመለጠ ከየት እንዳመለጠም ንገሩን

ውድ የሬዲዮ ቤተሰቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

በዚህ ሳምንት ሦስት አባላት ዕቃቸው ሲቃጠል «ጭሱ አመለጠ» ብለው ጽፈውልናል። አባባሉ በየአገሩ ያሉ የሬዲዮ አማተሮች (በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ የሚገናኙ ሰዎች) የሚጋሩት ነው፤ ዕቃው የሚሠራው ውስጡ በታሸገው ጭስ ስለሆነ፣ ከወጣ አበቃለት ይባላል። በጣም እወደዋለሁ። ለጥገና ግን ከትራንዚስተሩ ይሁን ከካፓሲተሩ እንደወጣ ጨምሩልን።

«አዞ» የምንለው ጣቢያም አለ፤ አፉ ሰፊ፣ ጆሮ የሌለው። ድምፁ ሩቅ ይደርሳል፣ እሱ ግን ማንንም አይሰማም። አንዳንዴ ጥፋቱ የመቀበያው ሳይሆን አጠገቡ ያለው ቻርጀር የሚረጨው ጩኸት ነውና መጀመሪያ እሱን ነቅላችሁ አዳምጡ።

አደራ የምላችሁ ግን «ውኃ የጠጣ ኬብል»ን፣ ማለትም ሬዲዮውን ከአንቴናው የሚያገናኘውንና ውኃ የገባበትን ኬብል ነው። በደብረ ብርሃን ክረምት የእኔም ኬብል በማያያዣው በኩል ጠጥቶ ነበር። ያታለለኝ የኤስደብሊውአር መለኪያው (ከአንቴናው ምን ያህል ኃይል እንደሚመለስ የሚጠቁመው) ነው፤ 1.2 እያሳየ፣ ለጥሩው 1 ስለቀረበ ደህና መሰለኝ። ለካ ኬብሉ ኃይሉን መንገድ ላይ ስለሚበላው፣ ከአንቴናው የሚመለሰውም መለኪያው ጋ ሳይደርስ ይቀራል! በአንቴናው በኩል ባለው ጫፍ 50 ኦም ዳሚ ሎድ (በአንቴና ፈንታ ኃይሉን የሚቀበል ዕቃ) አስራችሁ የሚደርሰውን ዋት ለኩ። ማያያዣውንም ውኃ በማያስገባ የጎማ ቴፕ ጠቅልሉ፣ ሐምሌ ሳይገባ።