ኤአይ እንደ ሰው ያያል የሚለው ጽሁፋችሁ ይታረም

ሰላም የዝግጅት ክፍል፣ ባለፈው ቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) አሁን ልክ እንደ ሰው አንጎል ያያል ብላችሁ ጽፋችኋል፣ ይሄ ግማሹ እውነት ነው ግማሹ ግን ሰው ያሳስታል።

እውነት የሆነው፣ ሀሳቡ ከአንጎል መምጣቱ ነው። ሁቤልና ቪሰል የሚባሉ የአንጎል ተመራማሪዎች አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ እያሉ ድመት አንጎል ውስጥ ከኋላ በኩል ያለው የእይታ ክፍል ላይ የሴል የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀዳ ቀጭን ኤሌክትሮድ አስገብተው ለድመቷ ነጥብ ቢያሳዩ ቢያሳዩ ሴሉ ምንም አልል አላቸው፣ በኋላ የመስታወት ስላይዱን ሲቀይሩ ጠርዙ የጣለው ቀጭን ጥላ ሲያልፍ ነው ሴሉ ድንገት የተንጫጫው። በቃ አንዱ ሴል ለቆመ መስመር ሌላው ለተጋደመ መስመር እንደሚነቃ ታወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 አሳተሙት፣ በ1981 ኖቤል ተሸለሙ። ከዛ ጃፓን ውስጥ ኤንኤችኬ በሚባለው የብሮድካስት ድርጅት ላብራቶሪ ይሰራ የነበረው ተመራማሪ ፉኩሺማ ይሄንኑ ወስዶ በ1980 ኒዮኮግኒትሮን የሚባል የኮምፒውተር ሞዴል ሰራ፣ የመጀመሪያው ንብርብር ትንንሽ መስመር ይለያል፣ ቀጣዩ እነዛን አገጣጥሞ ቅርጽ ያወጣል፣ እንዲ እያለ ይሄዳል። ዛሬ ፎቶ የሚለዩት ኔትወርኮች (እንዲ በንብርብር የተሰሩ፣ ከምሳሌ የሚማሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች) ዘራቸው ከዚ ነው። እናንተ ግን ሁሉንም የአሜሪካ ካምፓኒዎች የፈጠሩት አስመስላችሁ የፉኩሺማን ስም እንኳን አላነሳችሁም፣ ይሄ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

በ2014 ደግሞ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እነ ያሚንስና ዲካርሎ እቃ ለመለየት ብቻ የሰለጠነ ኔትወርክ የጦጣ አንጎል ሴሎች ለአንድ ፎቶ ምን ያህል እንደሚነቁ በደንብ እንደሚተነብይ አሳዩ፣ ማንም አንጎል ምሰል ሳይለው! እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ።

ግን መተንበይ ሌላ እንደ ሰው ማየት ሌላ። በ2019 ጀርመን ቱቢንገን ያሉ ተመራማሪዎች ቅርጹ ድመት ሆኖ ቆዳው የዝሆን የሆነ ፎቶ ሰርተው ሲያሳዩ ሰው ድመት ነው አለ፣ ኔትወርኩ ዝሆን ነው አለ፣ ማለትም እኛ ቅርጽ ስንይዝ እሱ የቆዳውን ሸካራነት ነው የሚይዘው። ደግሞ እነዚ ኔትወርኮች አብዛኞቹ መረጃ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያሳልፉት፣ እኛ አንጎል ውስጥ ግን ከላይ ወደ ታች የሚመለስ መአት ግንኙነት አለ፣ ይሄን አሟልቶ ሞዴል ማድረግ ገና ያላለቀ ስራ ነው።

ይሄ ተራ ስህተት አይደለም፣ ኤአይ የራጅ ፎቶ ሲያነብ ሰው የሐኪም አይን ነው ብሎ ካመነ ጉዳት አለው። ስለዚ እባካችሁ እርማት አውጡ፣ ስታወጡም የድመትና ዝሆኑን ፎቶ ብታስገቡት አንባቢ ቶሎ ይገባዋል።