ካመለጠህ ያምልጥህ

ልጄ፣

ይህን የምጽፍልህ ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ ኤርፖርት፣ እኛ ሾፌሮች ወረፋ የምንጠብቅበት ሜዳ ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ከፊቴ ብዙ ሰው አለ። በቴክስት ብልክልህ አውራ ጣት ትመልስልኛለህ፤ አውቅሃለሁ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን። አማርኛ ያደረግኩትም ሆን ብዬ ነው፤ ቀስ ብለህ እንድታነበው። ያን ሁሉ ቅዳሜ ፊደል ለመቁጠር የተመላለስከው ለዛሬ ነው። ያልገባህ ቃል ካለ እኔን ጠይቀኝ። እናትህን አታስነብባት። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርድ ታየዋለህ።

ቅዳሜ 17 ዓመትህ ነው። በምርቃት ልጀምር አስቤ ነበር። ግን ትናንት ማታ የክርስትና አባትህ ደወለልኝ።

«ያቺ ቀይ ኮሮላ የእናንተ አይደለችም እንዴ?» አለ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዉድብሪጅ ሰው ጭኖ በ95 ቁጥር ሃይዌይ ወደ ሰሜን ሲመጣ፣ ስፕሪንግፊልድ ላይ 169 ቁጥር ኤግዚትን፣ መውጫውን፣ አለፍ ብሎ፣ ነጭ መስመር የተሰመረበት ሦስት ማዕዘን ላይ ቆማ አያት። ቆማ ብቻ ቢሆን እሰየው። የኋላ ማርሽ መብራቷ በርቷል። ወደ ኋላ እየሄደች ነበር! በ95 ላይ፣ ወደ ኋላ! ከባድ መኪናው በጎኗ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋል። ውስጧ አራት ራስ ቆጥሯል። የዕቁባችን ጸሐፊ ነው፤ ቆጠራ አይሳሳትም።

እኔም ወርጄ መኪናዋን አየሁ። የኋላ ወንበር ሥር የጫማ ሣጥን አለ። እንግዲህ ዉድብሪጅ፣ ፖቶማክ ሚልስ የገበያ ማዕከል ነበራችሁ።

አባቴ፣ ስማኝ። ኤግዚት ካመለጠህ ያምልጥህ።

ከቤት እስከ ትምህርት ቤትህ ፍራንኮኒያ ሮድን ይዘህ ቀጥ ነው፤ ሁለት ማይል አይሞላም። በመሃል ሃይዌይ የሚባል ነገር የለም። ጠዋት ወጥተህ ለ8:10 ትደርሳለህ፣ ከሰዓት ትመለሳለህ፣ መኪናዋ የተገዛችው ለዚሁ ነው። ትምህርት ቤቱ በ1958 ሲከፈት ለባርነት የቆመውን የደቡብ ጦር የመራው የጄኔራል ሮበርት ሊ ስም ነበረው። በ2020፣ አንተ ገና ትንሽ ልጅ ሳለህ፣ የጥቁሮች መብት ታጋዩ የጆን ሉዊስ ሆነ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ትዝ ካለህ እራት ላይ ስለ ሰውየው ነግሬሃለሁ። በ1965 ሰልማ ላይ ሰልፍ የወጡት በሃይዌይ 80 ድልድይ ነው። እዚያው አስፋልት ላይ ፖሊስ ጭንቅላታቸውን ፈነከታቸው። እሳቸው ሃይዌይ ላይ ሕይወታቸውን ሲያስይዙ ምክንያት ነበራቸው። አንተ የእሳቸውን ስም ደረትህ ላይ ለጥፈህ፣ ምክንያትህ ጫማ ነው።

ተቆጣሁ። ልመለስ።

እዚያ ቦታ ግራ የገባው ሰው ሞኝ አይደለም። ፈረንጆቹ «ሚክሲንግ ቦውል» ይሉታል፤ አያትህ መጥታ በመስኮት አይታው «ቡሃቃ ነው እንጂ ምኑ መንገድ ነው» ካለች ወዲህ እኛ ቤት ቡሃቃው ነው። 95፣ 395 እና 495 ተቦክተው ያሉበት። ነገሩ እንዲህ ነው። 95 ከፍሎሪዳ ጀምራ ትመጣለች። በድሮው ዕቅድ ዲሲን ሰንጥቃ ሜሪላንድ ልትገባ ነበር። ነዋሪው ሰፈራችን አይፈርስም ብሎ ተሟገተ፣ ዕቅዱ ቀረ። በ1977 ቁጥሮቹን ቀየሩ፤ ቀጥ ብላ ዲሲ የምትገባዋ 395 ተባለች፣ 95 ደግሞ ወደ ቀኝ ታጥፋ ዲሲን በሚዞረው ቀለበት መንገድ፣ ቤልትዌዩ (495) ላይ ተደረበች። ስለዚህ 95 ላይ መቆየት የፈለገ ሰው ኤግዚት መውጣት አለበት። ቀጥ ካለ 95 አይደለም። ይህን ማን ይገምታል? እኔ በ2003 ስመጣ ቦታው ተቆፍሮ ነበር የደረስኩት። ከ1999 እስከ 2007 ስምንት ዓመት ሠሩት፣ 676 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሱበት። ተሠርቶም እንኳ አዲስ ሰው ሰማይ ሰማዩን ምልክት እያየ ይደናገራል።

መደናገር ኃጢአት አይደለም። መመለስ ነው ጥፋቱ።

169 ካመለጠህ ምን እንደምታደርግ ልጻፍልህ፤ ይህችን ገጽ ቀደህ መኪናዋ ውስጥ አስቀምጣት። ዝም ብለህ ቀጥ በል። 395 ላይ ነህ። ኤድሳል ሮድ ላይ ውጣ፣ ዞረህ ወደ ደቡብ ተመለስ። አለቀ። ሳታውቀው ወደ ቀኝ ተወስደህ ቤልትዌዩ ላይ ወደ ምሥራቅ ከሄድክ ደግሞ ቫን ዶርን ላይ ውጣ፤ ፍራንኮኒያ ሮድ ድረስ ያመጣሃል። ቫን ዶርንም ካመለጠህ? ያምልጥህ። የዊልሰንን ድልድይ ተሻግረህ ሜሪላንድ ግባ። ሜሪላንድም ሰው ይኖርበታል። አክስትህ አለች፣ ቡና ታፈላልሃለች፣ ደውላ ትነግረኛለች፣ እኔም እስቃለሁ።

ተሳስተህ ኤክስፕረሱ፣ በክፍያ የሚነዳበት ሌን ውስጥ ከገባህም፣ በፕላስቲክ ዘንጎቹ መሃል ሾልኬ ልውጣ እንዳትል። ዝም ብለህ እስከሚቀጥለው መውጫ ሂድ። ካሜራው ታርጋዋን ያነሳል፣ ሂሳቡ በእኔ ስም ቤት ይመጣል፣ እከፍላለሁ። ዝናብም ይሁን፣ ሥራ የበዛበት ሰዓት ሆኖ ዋጋው ሰማይ ይውጣ፣ እከፍላለሁ። ቃሌ ነው። (በሳምንት ሦስት ጊዜ «ከተሳሳትክ» ግን እንነጋገራለን።)

አያትህ «ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ትላለች። መሪ ጨብጣ አታውቅም፤ ከሁላችንም በላይ የገባት ግን እሷ ናት።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ።

ቨርጂኒያ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፈቃድ የምትሰጠው ከወላጁ ጋር 45 ሰዓት ከነዳ ነው። ከዚያ ውስጥ 15ቱ ከፀሐይ መግቢያ በኋላ። ወላጁ ቁጭ ብሎ እየመዘገበ፣ በመጨረሻ እውነት ነው ብሎ ይፈርማል። የአንተን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሁለታችንም እናውቃለን፤ 45 አልነበረም። ሃያም አልሞላም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስፕሪንግፊልድ ታውን ሴንተር ፓርኪንግ ውስጥ ዞርን፣ ፍራንኮኒያን ወጣን ወረድን፣ ከዚያ እኔ ለማታው ሥራ እንቅልፍ ያስፈልገኛል ብዬ ተኛሁ። የማታው ደግሞ ይብሳል። ሲመሽ እኔ ኤርፖርት ነኝ። ሁለት ጊዜ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ድረስ እንጀራ ልንገዛ ሄድን። እሷን ነው 15 ሰዓት ብዬ የጻፍኳት።

አንተ ወረቀቱን ስሞላ አጠገቤ ቆመህ ታይ ነበር። ምንም አላልክም። ያን ቀን ያስተማርኩህ ነገር ሳያሳስበኝ አልቀረም፤ ግን ወዲያው ስልኬ ጮኸ፣ ሰው ጫንኩ፣ ረሳሁት።

ፈቃድህን ልንቀበል ፍርድ ቤት ስንሄድ ሙሉ ልብስ ለብሼ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ከወላጆቻቸው ጋር ተደርድረዋል። ዳኛዋ ተናገረች፣ ስምህን ጠሩ። እናትህ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ክንዷን ያዝኳት። ፎቶውን አይተኸዋል። እሷ ታበራለች፣ አንተም ታበራለህ፣ እኔ ጫማዬን አያለሁ። ካሜራ ስለማልወድ አልነበረም።

በእነዚያ ሃያ በማይሞሉ ሰዓታት ውስጥ አንድም ቀን ቡሃቃው ውስጥ አላስገባሁህም። «ሌላ ቀን» እያልኩ። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናትህን አታስነብባት ያልኩህም ለዚህ ነው።

2010 ነበር። ሁለት ዓመትህ። ቤልትዌዩ ላይ ኤክስፕረሱን የሚሠሩበት ጊዜ ነው፤ የሌኑ መስመር ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። እኔ ታክሲ ነበር የምነዳው፣ በላይ በላይ ሁለት ፈረቃ ሠርቼ፣ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስለኛል። እናትህ ሥራ ገብታለች። አንተን ሞግዚቷ ዘንድ ላደርስ ይዤህ ወጣሁ። 395 መውጣት ነበረብኝ። ምልክቱን ሳየው ሁለት ሌን ርቄያለሁ። «ካመለጠህ ያምልጥህ» የሚለኝ ሰው አልነበረኝም፤ አባቴ ከበቅሎ ሌላ የነዳው ነገር የለም። እኔም መሪ የጨበጥኩት እዚህ አገር፣ በ28 ዓመቴ ነው። ምን ነበረበት ብሄድ? ሞግዚቷ ሩብ ሰዓት ብትጠብቅ ምን ነበረበት?

ሌኖቹን አቋርጬ ቆረጥኩት። ጥሩምባው ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ፤ የጭነት መኪናው ጥሩምባ፣ ረጅም፣ የማያልቅ። መኪናዋ ዞረች። በቀኝ ጎኗ ሲሚንቶውን መታችና ፊቷን ወደ መጣንበት አድርጋ ቆመች። አንተ ከኋላ ነህ። ለመዞር አንገቴ እንቢ አለኝ። ካየሁህ ነገሩ እውነት የሚሆን መስሎኝ። ከዚያ ድምፅህን ሰማሁ። እጅህን እያጨበጨብክ፣ «አባ፣ እንደገና!» አልክ።

እንደገና።

ለእናትህ፣ መኪናዋን ፓርኪንግ ላይ ቆማ ሳለ ሰው ገጭቷት ሄደ አልኳት። ማሠሪያውን ከዕቁቡ አወጣሁ። ያንን «ገጭቶ የሄደ ሰው» እናትህ እስከ ዛሬ ትረግመዋለች፤ ሳህን እያጠበች ድንገት ትዝ ይላትና። እኔ አጠገቧ ቆሜ ሳህኑን አደርቃለሁ።

እንግዲህ የክርስትና አባትህ ትናንት «ወደ ኋላ እየሄደች ነበር» ሲለኝ የሰማሁት ያንተን ድምፅ ነው። ስልኩን ዘግቼበታለሁ። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

በል አሁን አድምጥ። ፈቃድ ካገኘህ ገና ዘጠነኛ ወርህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ አንድ ሰው ብቻ ነው መጫን የሚፈቀድልህ፤ እህትህ አትቆጠርም። አንድ! አንተ ሦስት ጫንክ። የሰው ልጆች ናቸው፤ እናቶቻቸውን በስም አውቃቸዋለሁ፣ አንዷ ልጅህን መልስልኝ ብትለኝ ምን ብዬ እቆማለሁ? ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ አሥር ሰዓት መንዳት የለም። ስልክ በእጅም በጆሮም የለም። እስከ ቅዳሜ ቁልፉ እናትህ ዘንድ ነው። ለትምህርት ቤት በእግርህ ትሄዳለህ ወይም በቢጫው አውቶቡስ። አትነጫነጭ።

መንዳትህ መጥፎ አይደለም። ይህንንም ልንገርህ። እጅህ የተረጋጋ ነው፣ መስታወት ታያለህ፣ በአንተ ዕድሜ እኔ ብስክሌት እንኳ አልነበረኝም። ያ የፍራንኮኒያ ሮድ የግራ መታጠፊያ ላይ ሴትዮዋ ስትክለፈለፍብህ አለመቸኮልህን አይቼ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ።

የኋላ ቀኝ ጎማዋ አየር ትጥላለች፤ ሙላት። የኢንስፔክሽን ስቲከሯ የዚህ ወር መጨረሻ ያልፍባታል። የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ያለውን ብርድ ልብስና ውኃ የክረምት ካልሆነ ምን ያደርጋል ብለህ እንዳታወጣ። በጃንዋሪ 2022 በዚያ በረዶ 95 ላይ አድሬ የመጣሁት ቆሎ እየቆረጠምኩ ነው፤ ሴናተሩ ቲም ኬን እንኳ 27 ሰዓት ተይዘውበታል። ቆሎውንም አትብላው፤ ባለፈው ከረጢቱ ጎድሎ አግኝቼዋለሁ።

ዓርብ ማታ አልሠራም። እተኛለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በ12 ሰዓት፣ በእነሱ 6 ሰዓት፣ ጫማህን አድርገህ ታች ጠብቀኝ፤ አዲሱን። አንተ ትነዳለህ፣ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ቡሃቃውን ከደቡብ እንገባበታለን፣ ከምሥራቅ እንገባበታለን፣ ከዲሲ በኩል እንገባበታለን። 169ን ሆን ብለን እናልፋታለን። ካመለጠን ያምልጠን። የዚያ የሰዓት መመዝገቢያ ወረቀት ቅጂ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ይዘኸው ና። ከሃያ እንቀጥላለን። ማንም አይጠይቀንም፤ እኛ እንሞላዋለን።

የእናትህን ነገር ለእኔ ተወው። ማታ ኬኩ ተቆርሶ፣ እንግዶቹ ሲሄዱ፣ ሳህኑ ላይ እነግራታለሁ። አንተ የዚያን ሰዓት ፎቅ ሁን።

ወረፋዬ ደረሰ፤ አራት ሻንጣ ያለው ሰው ነው።

አባትህ