«ምንም አልተገኘም» የሚለውም ዜና ነው

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፤

የሳይንስ ዓምዳችሁን ሳላነብ የማልፈው ሳምንት የለም። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል፤ «ተገኘ» የማይል ዜና እዚያ ቦታ የለውም። ፊዚክስ አስተምራለሁና ከሙያዬ አንድ ምሳሌ ላንሳ።

በአቶም እምብርት ውስጥ ያለው ቅንጣት፣ ኒውትሮን፣ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የለውም እንላለን። ድምሩ ዜሮ ስለሆነ ልክ ነው። በውስጡ ያሉት ኳርክ የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ግን ቻርጅ አላቸው። ታዲያ ፖዘቲቩ ወደ አንድ ጫፍ፣ ኔጋቲቩ ወደ ሌላው ሸሸት ብሎ ቢሆንስ? የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኤድዋርድ ፐርሰልና ኖርማን ራምዚ ይህን እንፈትሽ ያሉት እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። እስከ ዛሬ የተለካው ሁሉ ከዜሮ አልተለየም።

ግን ዜሮው እንዴት ያለ ዜሮ መሰላችሁ! በስዊዘርላንዱ ፖል ሼረር ኢንስቲትዩት ኒውትሮኖችን ሰው ሮጦ እስኪደርስባቸው ድረስ ያዘገዩአቸዋል። ከዚያ ዕቃ ውስጥ ዘግተው ለ3 ደቂቃ ያህል ያቆዩአቸዋል። ኒውትሮኖቹ በማግኔት መስክ ውስጥ እንደ እንዝርት ይዞራሉ። በላያቸው ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ይለቀቅና አቅጣጫው ይገለበጣል። በዚህ ጊዜ የዙራቸው ፍጥነት ቅንጣት ታህል ከተለወጠ ቻርጁ ሸሽቷል ማለት ነው። እዚያው ዕቃ ውስጥ የሜርኩሪ ትነት አለ፤ የማግኔት መስኩ ፈቀቅ ቢል የሚያጋልጠው እሱ ነው። ይህን ልኬት ከ50 ሺህ ጊዜ በላይ ደጋገሙት። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ ሲወጣ አሁንም ከዜሮ የተለየ ነገር የለም። ኒውትሮን ምድርን ቢያህል እንኳ ሽሽቱ ከፀጉር ውፍረት በጣም ያንሳል።

አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ካላገኙት ለምን ይለፋሉ?» አለኝ። ጠመኔ አንስቼ ሁለት ቁጥር ጻፍኩለት፤ አንዱ «ሽሽቱ ቢኖር እንኳ ከዚህ አይበልጥም» የሚለው እ.ኤ.አ. በ1957 የታተመው ገደብ፣ ሌላው የ2020ው። አካፍል አልኩት። ከ2 ሚሊዮን እጥፍ በላይ መጣለት። ዝም ብሎ ሰሌዳውን አየ።

ዓለም ለምን በቁስ ተሞላች፣ የቁስ ተቃራኒ መንትያ የሆነው ፀረ ቁስስ የት ገባ? ይህን ለማስረዳት ከቀረቡት ንድፈ ሐሳቦች ብዙዎቹ ሽሽቱ ይህን ያህል መሆን አለበት ይላሉ። ልኬቱ በረቀቀ ቁጥር አንዳንዶቹ ወድቀዋል፤ ሌሎቹም መላወሻ አጥተዋል። እነዚህን ሁሉ ያስጨነቀው ያ ዜሮ ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ዜና ነው።

እዚያው ማዕከል ኤን2ኢዲኤም የሚባል የበለጠ የረቀቀ ሙከራ ተተክሏል። ውጤቱ የወጣ ዕለት፣ ዜሮም ቢሆን፣ እባካችሁ አትሙት። ክፍል ይዤው ገብቼ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር